ኦርፌሊና ያልመለሰችው ሳህን

ሳንቲያጎ፣ ማርች 11 ቀን 1991

ውድ አክስቴ ዙኒልዳ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ሦስት ደብዳቤ ልከሽልኝ አንዱንም ሳልመልስ ቀረሁ። ቁስልሽ እንዴት ነው? ክንድሽን ታነሺያለሽ ወይስ አሁንም ልብስ ለማስጣት ጎረቤትሽን እትዬ ኦርፌሊናን ትጠሪያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባሕር በሌለበት አገር መኖር ብቻ እስከዛሬ አልለመድኩም።

«ከእኔ የቆረጡትን ምን አደረጋችሁት? ቀበራችሁት ወይስ ለውሻ ጣላችሁት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልተቀበረም። ከፑዌርቶ ሞንት በበረዶ ታሽጎ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። ስምሽ ላዩ ላይ ተጽፎ አየሁት። አለቃዬ «ዘመድሽ ከሆነች ሌላ ሰው ይሥራው» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። እናቴ በዚሁ በሽታ ስትሞት ከሬሳዋ አጠገብ አንስተሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያንቺን ማን ይነካዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ሁሉ ደሟ ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ይዞራል። ጡት የሚያወጣን፣ የወር አበባ የሚያመጣብን እሱ ነው። የጡት ሴሎች ይህን ሆርሞን የሚሰሙበት ነገር አላቸው። ሐኪሞቹ ተቀባይ ይሉታል፤ እኔ ለአንቺ ጆሮ ልበለው። ሆርሞኑ ሲመጣ ጆሮው ይሰማና ሴሉ ያድጋል፣ ይባዛል። አንዳንዱ ካንሰር ይህ ጆሮ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ያንቺ አለው። ያውም ብዙ። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ሁለቴ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አክስቴ፣ ይሄ ደግ ዜና ነው። ጆሮ ያለው ነገር ጆሮው ይደፈናል። የምልክልሽ ክኒን ታሞክሲፈን ይባላል፤ ሄዶ እዚያ ጆሮ ውስጥ ቁጭ ይላል። ሆርሞኑ መጥቶ ቢጣራ ቦታው ተይዟል፤ የሚሰማው የለም። በቀን አንድ፣ በየቀኑ፣ ለአምስት ዓመት። አንዲት ቀን እንዳታስቀሪ። በየወሩ ሠላሳ ፍሬ በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ በፖስታ እልክልሻለሁ። ሙቀት ሽው እያለ ያስቸግርሻል፤ ቻይው።

ለእናቴ እንዲህ ያለ ምርመራ አልነበረም። ለአንቺ አለ። ይሄን እያሰብሽ ዋጪው።

ልጅሽ ኖልፋ


ኬናይ ደሴት፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1991

ኖልፋ ልጄ፣

ጀልባው በጉም ምክንያት ሁለት ሳምንት ቀርቶ ትናንት ገባ፤ ቆርቆሮሽም ደብዳቤሽም ደረሰኝ። ብስኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደግ ዜና ነው አልሽኝ። እሺ። ግን አንቺ ልጅ፣ ጡቴ ውስጥ ተደብቆ የሚያዳምጥ ነገር ነበረ ብለሽ ትጽፊና ከዚያ በኋላ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? ስንት ዓመት ነው የሰማኝ? ባሌን ስሳደብ ሰምቷል? እናትሽን ስቀብር ሰምቷል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር፤ የእኔው ጭራሽ ለጠላት ያደረ ሆኖ ተገኘ። ድንች ስቆፍር መዝፈን ትቻለሁ። ኦርፌሊና ይሄን ብነግራት በሳቅ ፈነዳች። «ያንቺ ድምፅ ድንቹን እንኳ አላሳደገውም፣ እጢ ያሳድጋል?» አለችኝ። አርባ ዓመት አጥር ተጋርተን ዛሬም ሥራዋ በእኔ መሳቅ ነው።

ሙቀቱ ይመጣል ወይ ላልሽው፣ መጥቷል። ትናንት በዝናብ ሹራቤን አውልቄ ደጅ ቆሜ ነበር። ፓሎማ ያበድኩ መስሏት ከምድጃው ሥር አልወጣም አለች። ውሻ እንኳ ታዘበችኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ክኒኑን ስውጥ ሰው ወደ ባዶ ቤት ገብቶ፣ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ከዚያ ቤቱ ጭጭ ይላል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ተቀምጧል።

አክስትሽ ዙኒልዳ


ኬናይ፣ ጁላይ 9 ቀን 1991

ኖልፋ፣

ዘገየሽ ብለሽ አትቆጪ። አሳማ አርጄ ነበር፤ የሥጋው፣ የስቡ፣ የጨው ሥራ ወገቤን ቆረጠው።

ዮኮ ምንድን ነው ብላ የከተማ ጓደኛሽ ጠየቀችሽና መመለስ አቃተሽ? ወይ ጉድ፣ እንዲህም ተረሳ! በያት፦ በእኛ አገር አሳማ ያረደ ሰው ብቻውን አይበላም። ሥጋውን ከድንች ቂጣ ጋር በሳህን አድርጎ፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ለጎረቤት ይልካል። ያ ነው ዮኮ። የተላከለት ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢ ማለት ስድብ ነው። በልቶ ይጨርስና የራሱን ሲያርድ ያንኑ ሳህን ሞልቶ ይመልሳል። ባዶ ሳህን አይመለስም። ሳይመልስ የሞተ ሰው ደግሞ በዚህች ደሴት አያርፍም ይባላል። ይሄን ለጓደኛሽ ባትነግሪያትም ይሁን።

እኔም ለኦርፌሊና እንደ ደንቡ ልኬላታለሁ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህኔን፣ ታውቂው የለ። እሷ ዘንድሮ አሳማ የላትም። ከስታለች፤ ትንሽ ሳል ይዟታል። ብርዱ ነው ትላለች፣ እኔም ብርዱ ነው እላለሁ።

ሙቀቱ አሁንም አለ ወይ ላልሽኝ ቀንሷል። ክረምት ስለሆነ ይሆናል።

ሌላ ደግሞ፣ በዚህ ወር ሁለት ቆርቆሮ ላኪልኝ። ያለፈውን አይጥ በላብኝ። ምን ላድርግ፣ አይጥ ነው። የሚቆጣውም የለ።

ዙኒልዳ


ሳንቲያጎ፣ ጁላይ 30 ቀን 1991

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን አሥር ጊዜ አነበብኩት። የቆርቆሮ ክዳን ከፍታ፣ ሠላሳ ክኒን አንድ በአንድ ከላስቲኩ ፈልቅቃ፣ በልታ፣ ክዳኑን መልሳ የገጠመች አይጥ ካለች ወደዚህ ላኪልኝ፤ እዚህ ላቦራቶሪ አስቀጥራታለሁ። ከእኔ የተሻለ እጅ አላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሙቀቱ ለምን ቀነሰ? ክረምት ነው አትበይኝ። ይሄ ሙቀት ክረምት አያውቅም። እዚህ የማውቃቸው ሴቶች በረዶ ላይ ቆመው ያልባቸዋል።

ሁለተኛ ቆርቆሮ አልላክሁም። ላኪ ካልሽኝ አይጧ ማን እንደሆነች ንገሪኝ። ደግሞ የእትዬ ኦርፌሊና ሳል ስንት ሳምንት ሆነው? ለምን ስለ እሳቸው አንድ መስመር ጽፈሽ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ዘለልሽ?

ኖልፋ


ኬናይ፣ ኦገስት 22 ቀን 1991

ኖልፋ ልጄ፣

ይቅር በይኝ። አይጥ የለችም። ለአንቺ መዋሸት ድሮም አልሆነልኝም፤ እጄ እየጻፈ ፊቴ ይቀላ ነበር።

ኦርፌሊና ጡቷ ላይ አላት። በግራ። በሜይ ወር በእጄ አስነካችኝ፤ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ ነገር ነው። እንሂድ አልኳት፣ ለመንኳት፣ ተሳደብኩ። እናቷ በዚያች ጀልባ ተቀምጣ ወደ ሆስፒታል ሄዳ፣ በሣጥን ተኝታ ተመልሳለች። «እኔ በጀልባ ተኝቼ አልመለስም» አለች። ለማንም እንዳልነግር በእናትሽ መቃብር አስማለችኝ። ለአንቺም ጭምር። ይኸው ማልኩ፣ ይኸው አፈረስኩ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ያው ጡት፣ ያው በሽታ። የእኔ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ በቆርቆሮ ተቀምጦ እሷ ትሙት? የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። አሳማውን ባረድኩ ቀን ከድንች ቂጣው ሥር አሥራ አምስት ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ በሳህኑ ላክሁላት። ዮኮ ነውና እምቢ ልትል አትችልም። አሥራ አምስት ለእሷ፣ አሥራ አምስት ለእኔ። አንድ ቀን እኔ እውጣለሁ፣ በማግስቱ እሷ። ማቴ ቅጠላችንን አፍልተን ልንጠጣ ስንቀመጥ በፊቴ አፏ ውስጥ ጣል ታደርገውና በትኩሱ ውሃ ታወርደዋለች። ከዚያ «በቃሽ?» ብላ ትስቃለች።

የሚያስፈራኝ ግን አንድ ነገር አለ። የነገርሽኝን የጆሮ ነገር ነግሬያት ነበር። ባለፈው ሰኞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ዙኒልዳ፣ የእኔው ጆሮ የለውም። ጠዋት ጠዋት አናግረዋለሁ። እለምነዋለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ እዘፍንለታለሁ። ዞር ብሎ እንኳ አያየኝም።» ስትናገር አልሳቀችም። ኦርፌሊና ሳትስቅ ስትናገር በአርባ ዓመት ውስጥ ያየሁት ሁለቴ ነው።

ንገሪኝ ልጄ፣ ጆሮ የሌለው አለ ያልሽው እውነት ነው ወይስ እንዲገባኝ ብለሽ ያመጣሽው ነገር ነው?

ዙኒልዳ


ሳንቲያጎ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1991

አክስቴ፣

እውነት ነው። ምነው ባልሆነ።

ጡት አንድ ነው፣ በሽታው ግን አንድ አይደለም። ከአሥር ሴት የሰባቱ ወይም የስምንቱ ጆሮ አለው። የቀሩት የላቸውም። ጆሮ ለሌለው ታሞክሲፈን ምንም አያደርግለትም። ክኒኑ ደም ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል፣ የሚቀመጥበት አያገኝም። የእትዬ ኦርፌሊና የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ እሳቸውም አያውቁም። ቁራጭ ካልተወሰደ፣ እዚህ ካልተመረመረ ማንም አያውቅም። ጆሮ ለሌለው ሌላ መድኃኒት አለ፤ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ከባድ ነው፣ ግን አለ። የሚሠራው ቶሎ ሲደርስ ነው።

ተናድጃለሁ። ማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤት ሲታመም ከድስትሽ ታካፍያለሽ፣ ከማገዶሽ ታካፍያለሽ፤ አውቃለሁ፣ እኔም ከዚያው ድስት ነው የበላሁት። ይሄ ግን ሥጋ አይደለም አክስቴ! ግማሹ ለማንም አይበቃም። አንቺ ቀን እየዘለልሽ ጆሮውን ግማሽ ከፍተሽለታል። እሳቸው ደግሞ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

በሚመጣው ጀልባ ይዘሻቸው ወደ ካስትሮ ከተማ ሆስፒታል ሂጂ። ተቀምጠው ሄደው ተቀምጠው እንደሚመለሱ በእኔ ስም ማይላቸው። ሁለት ቆርቆሮ ልኬያለሁ፤ ሁለቱም ያንቺ ብቻ ነው።

ኖልፋ


ኬናይ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1991

ኖልፋ፣

ሄድን። እንዴት እሺ አለች ትይኛለሽ መቼም። ፊቷ ቆሜ አለቀስኩ፣ ያ ነው። እንባዬን አይታ «በቃ በቃ፣ ጀልባው በአንቺ እንባ ይሰጥማል» አለችና ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች።

ጀልባው ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ ካስትሮ አዙሮ ሲቀመጥ እሷ ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች፤ ቤቷን ለማየት። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ወረደብን። ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። ያኔ ኦርፌሊና መዝፈን ጀመረች። ያንን እኔ የተውኩትን የድንች ቁፋሮ ዘፈን። ጮክ ብላ፣ አንገቷን ወደ ደረቷ ደፍታ። «ይስማ እንግዲህ፣ ካለው» አለች። ድምፅዋ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በዚያ በኩል ዓለት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ ድምፅ ይመልሳል። የዚያን ቀን አልመለሰም። ባለ ጀልባው አማተበ።

ቁራጩን ወስደዋል። በበረዶ አሽገው ወደ አንቺ እንደሚልኩት ነገሩኝ። ወደ ስንት ሰው እንደሚልኩት አላውቅም፤ እኔ ግን ለአንቺ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። «ኖልፋ ታየዋለች» ስላት «ያቺ ልጅ ድሮም የሰው ጓዳ ማየት ትወድ ነበር» አለች።

ተቀምጣ ተመለሰች። ከጀልባው ስትወርድ ለማንም እጇን አልሰጠችም።

ዙኒልዳ


ሳንቲያጎ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1991

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ፓሎማስ? ድንቹ ተተከለ ወይ? እዚህ ጸደዩ ገብቶ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ከመስኮቴ ሲቀልጥ ይታያል። አዲስ ጫማ ገዛሁ፣ ቡናማ፤ ትንሽ ይጠበኛል ግን ይለቃል ብለውኛል። ሥራ በዝቷል። ባለፈው እሑድ የድንች ቂጣ ልጋግር ብዬ ድንቹ የእኛ አገር ድንች ስላልሆነ ተበተነብኝ፤ ጓደኛዬ ስትስቅብኝ ዋለች። አንቺ ብታዪው ለአሳማ ትሰጪው ነበር።

ክኒንሽን በየቀኑ ዋጪ። ሙቀቱ ተመልሶ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ለእትዬ ኦርፌሊና ሰላም በይልኝ። እጃቸውን ሳሚልኝ። ሁለቱንም እጃቸውን።

ኖልፋ


ኬናይ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1991

ኖልፋ ልጄ፣

ስለ ጫማሽ ጻፍሽልኝ። ስለ በረዶ ጻፍሽልኝ። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ቁጭ አልኩ። ከተወለድሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ ምንም የሌለበት ረጅም ደብዳቤ ስትልኪ ምን እንዳለበት ይገባኛል።

የሐኪሙ ወረቀት ከአንቺ በኋላ በሳምንቱ ደረሰ። ዜሮ ይላል። ለኦርፌሊና ሳነብላት «ነግሬሽ የለ፣ ጆሮ የለውም» አለች። የተደነቀችም አትመስልም። ወረቀቱን ተቀብላ ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

ያንን ከባድ መድኃኒት አንዴ ሰጧት። አራት ቀን ሙሉ አስታወካት። ሁለተኛውን አልወስድም አለች፤ ሐኪሙም ሳንባዋ ውስጥ ስለገባ ብዙ አልተከራከራትም። አሁን ከአልጋ አትነሳም። ልጇ ሮሳልባ ከወዲያኛው ደሴት መጥታ እያስታመመቻት ነው። አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሮሳልባን ጠርታ «ቤቱን እዚህ እንዳትተዉት፤ በበጋ ሰው ሰብስባችሁ ጎትታችሁ ውሰዱት» ብላ አደራ አለቻት፤ ሦስት ጊዜ አስማለቻት። የሚሞት ሰው ቤቱ የት እንደሚቆም ምን አስጨነቀው? ትናንት ደግሞ እጄን ይዛ «ሳህንሽን አልረሳሁትም» አለችኝ። ትኩሳቱ ነው አልኩ።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ እንደ ጫማሽ ደብዳቤ አድርገሽ እንዳትመልሺልኝ። በጁን የእኔን ክኒን ስትውጥ ከመቀመጥ ሆስፒታል ብትሄድ ኖሮ ትድን ነበር?

ዙኒልዳ


ሳንቲያጎ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1991

አክስቴ፣

አላውቅም።

ምናልባት። ሦስት ወር ብዙ ነው፤ እንዲህ ላለው ዓይነት በጣም ብዙ ነው። ደግሞ በጁንም ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳሉ ያኔም ነበረ። ማንም ሊነግርሽ አይችልም። አይድኑም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ሁለቴ ጀምሬ ቀደድኩት። አንቺን ዋሽቼ ማረፍ አልችልም።

ቁራጩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ሲወጣ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ያው። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ እና እትዬ ኦርፌሊና ከጀርባዬ ቆመው «በቃሽ?» ያሉኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ያንን በሽታ አንቺ አላስገባሽባቸውም። ይሄን ብቻ ያዢ። ክኒንሽን እየወሰድሽ ነው?

ኖልፋ


ኬናይ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1991

ኖልፋ፣

ኦርፌሊናን ዲሴምበር ሦስት ቀበርናት። ዘግይቼ ስለነገርኩሽ ይቅር በይኝ፤ ብዕሩን አንስቼ አስቀምጠው ነበር። አሟሟቷን አትጠይቂኝ። ተኝታ ነበር የሄደችው፣ በጀልባ ግን አይደለም። የፈለገችውን አገኘች።

ሳህኔን ሳትመልስ ሄደች። ሮሳልባ ቤቱን ሁሉ ፈለገች፣ የለም። የጥልፍ ጨርቄም የለም። ስለ ሳህኑ አይደለም፤ ሳህን ሞልቶኛል። ግን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ፣ ማቴ በምንጠጣበት ሰዓት፣ ፓሎማ ከምድጃው ሥር ተነስታ ጭራዋን እየቆላች ደጃፍ ትሄዳለች። በሩ ሥር ቆማ ታሸታለች፣ ታለቃቅሳለች። ለማያውቁት ሰው እኮ ጭራዋን አትቆላም። በሩን እከፍታለሁ። ጉም ብቻ ነው። ስድስት ቀን እንዲህ ሲሆን በሰባተኛው «ግቢ ኦርፌሊና፣ ምን ያስቆምሻል?» አልኩ። አልገባችም። ባዶ እጇን ስለሆነ ይሆናል፣ ባዶ እጇን መምጣት ድሮም ታፍራለች።

ሌላ ቆርቆሮ እንዳትልኪ። መውሰድ አቁሜያለሁ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ አንድም አልዋጥኩም። ክኒኑን በእጄ ስይዝ እሷ ስትውጥ ትታየኛለች። በእኔ ክኒን ተታላ የሞተች ሴት ደጃፌ ቆማ እኔ በምን አፌ ልዋጠው? ቤቱ ይከፈት፣ የፈለገው ይስማ። ለገና ቀን አታልቅሺ፤ እኔም አላለቅስም።

ዙኒልዳ


ሳንቲያጎ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 1992

አክስቴ፣

ከተቀበልኩት ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ያስፈራኝ የለም። ስለ ፓሎማ የጻፍሽው አይደለም ያስፈራኝ።

አንቺ ራስሽ ነበርሽ ክኒኑ ሲገባ ሰው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ይሰማኛል ያልሽው። አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። ከእጢሽ ያመለጠች አንዲት ሴል እንኳ የሆነ ቦታ ተደብቃ ብትሆን ጆሮዋ ተከፍቷል፤ ሆርሞኑ በየቀኑ ሲጠራት ትሰማለች። እትዬ ኦርፌሊና መድኃኒት አልነበራቸውም። አንቺ አለሽ። እሳቸውን ለማክበር ብለሽ የእሳቸውን ሞት ትደግሚያለሽ?

እናቴን ቀብሬያለሁ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እጄን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ሁለተኛዋን ስቀብር እጄን ማን ይይዘኛል?

ቆርቆሮ ልኬያለሁ። እንደገና እልካለሁ። ባሕር ውስጥ ብትጥዪውም እልካለሁ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ እመጣለሁ። እባክሽ እስክመጣ ጠብቂኝ።

ልጅሽ ኖልፋ


ኬናይ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1992

ኖልፋ ልጄ፣

ቆርቆሮሽን አልጣልኩትም። መደርደሪያው ላይ ነው፤ እስከ ትናንት ግን አልከፈትኩትም ነበር። የትናንቱን ልንገርሽ።

ሮሳልባ አደራዋን ልትፈጽም ሚንጋ ጠራች፤ የሦስት ደሴት ሰው ቤት ሊጎትትላት መጣ። አሥራ ስድስት በሬ፣ ገመድ፣ ከሥር ግንድ። እኔ ለጎታቾቹ ሥጋ ስቀቅል፣ የፖም ጠጁን ቺቻ ስቀዳ ዋልኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ከቦታው ተነቀለ። የጮኸው ጩኸት የሰው ነው የሚመስለው። በሬዎቹ እስከ ባሕሩ ዳርቻ አወረዱት፤ ማዕበሉ ሲሞላ ተንሳፈፈ፤ ሁለት ጀልባ አስረው ይዘውት ሄዱ። አርባ ዓመት ያየሁት መስኮት ውሃ ላይ ቆሞ እያየኝ ሄደ። ከዚያ ጉሙ ዋጠው። ሰው ሁሉ ከቤቱ ጋር ሄዶ ብቻዬን ቀረሁ።

ወደ ቦታው ተመለስኩ። ቤቱ የነበረበት መሬት ጥቁር ነው፣ አርባ ዓመት ፀሐይ አላየም፣ አንዲት ሣር የለበትም። ምድጃዋ በነበረበት በኩል፣ ከወለሉ ሥር በነበረው አፈር ላይ ሳህኔ ተቀምጧል።

በጥልፍ ጨርቄ ተሸፍኗል። ድንጋይ ተደርጎበታል፣ ነፋስ እንዳይገልጠው። ስገልጠው አቧራ እንኳ የለውም።

ክኒኖቹ ናቸው ኖልፋ። የሰጠኋት ሁሉ። ሦስት ወር፣ በወር አሥራ አምስት። አፈሩ ላይ ተንበርክኬ ቆጠርኳቸው፤ አርባ አምስት። አንድ አልጎደለም። ገሚሶቹ አንዴ ረጥበው የደረቁ ናቸው፣ ጠርዛቸው ሟምቷል። በፊቴ አፏ ውስጥ ስትከት፣ ውሃ ስትጠጣ፣ «በቃሽ?» ብላ ስትስቅ ምላሷ ሥር ይዛው ነበር! እኔ አጥሩን ስሻገር ትተፋዋለች፣ ታደርቀዋለች፣ ከላላው የወለል ሳንቃ ሥር ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች። እምቢ ብትለኝ ስድብ ነው። ብትውጠው የእኔን ዕድሜ መብላት ነው። ስለዚህ ተቀብላ መለሰችው። ሞልታ መለሰችው። ቤቱ ካልተጎተተ እንደማላገኘው ታውቅ ነበር፣ ለዚያ ነው ሮሳልባን ሦስት ጊዜ ያስማለቻት።

ሲጀመርም አላታለልኳትም ማለት ነው። እኔ ነኝ የተታለልኩት፣ ያቺ አሮጊት! መሬቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሰደብኳት፣ ሳቅኩም። ሆስፒታል ለመሄድ ያልፈለገችው በራሷ ነበር። ይሄ ሐዘኔን አልቀነሰልኝም፣ ግን ሌላ ዓይነት አደረገው።

ሳህኑን ይዤ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ማቴ አፈላሁ፣ ሁለት ጽዋ አወጣሁ፣ ከሳህኑ አንዱን አንስቼ ዋጥኩ። ጠርዛቸው ከሟሟው ነው፣ አትቆጪኝ። አፈር ሥር የቆየ መድኃኒት አይሆንም ብለሽ ልትጽፊልኝ እንደምትችዪ አውቃለሁ። ስለዚህ ከቆርቆሮሽም አንድ ጨመርኩበት፤ ያንቺ ለጆሮው፣ የእሷ ለእኔ። ዮኮ እምቢ አይባልም፤ የተላከልሽን ትጨርሻለሽ። የእሷ ሲያልቅ ያንቺን ብቻ እቀጥላለሁ፣ አምስቱን ዓመት። ስትመጪ ከጀልባው ልቀበልሽ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ካስትሮ ምርመራ አብረን እንሄዳለን፣ ተቀምጠን ሄደን ተቀምጠን እንመለሳለን።

ሰው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ተሰማኝ። እንደ ድሮው። አሁን ማን እንደሆነች አውቃለሁ።

የማቴ ሰዓት አለፈ። ፓሎማ ከምድጃው ሥር ንቅንቅ አላለችም።

አርባ አራት ቀረኝ።

አክስትሽ ዙኒልዳ